ማራቶንና ሚዛን

ሩጫ ልጀምር ብሎ ወደ እኔ የሚመጣ ሰው ሁለት ሐሳብ ይዞ ነው የሚመጣው። አንዱን ገና ስንተዋወቅ ይናገረዋል፤ ማራቶን መሮጥ እፈልጋለሁ ይላል። ሁለተኛውን ቆየት ብሎ፣ ብዙ ጊዜ ልምምድ ጨርሰን ስናፍታታ ነው የሚያወጣው፤ «ኮች፣ ይኼ ቦርጭስ አብሮ ይጠፋልኛል አይደል?» ይለኛል። የባንክ ሠራተኛው፣ መምህርቷ፣ ቀኑን ሙሉ መሪ ይዞ የሚውለው ሹፌር፣ ሐኪም ስኳርህ ከፍ እያለ ነው ያለው ጎልማሳ፣ ሁሉም ይህንኑ ይጠይቃሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ማንም ሊያፍርበት አይገባም። መልሴም ከዓመት ዓመት አንድ ነው። ሁለቱም ይቻላሉ፣ በአንድ ወቅት ግን አይቻሉም። ክብደት የሚቀነስበት ጊዜ አለ፤ ለማራቶን የሚሠራበት ጊዜ ደግሞ ሌላ ነው። እንደ እኔ ከጤና ሯጮች ጋር የሚውል አሰልጣኝ ዋና ሥራው ሁለቱ እንዳይደባለቁ መጠበቅ ነው።

ብዙ ሰው 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር የሮጠ ሰውነት እንዴት አይቀልም ብሎ ያስባል። ሒሳቡ ግን እንዲህ ነው። ሰው አንድ ኪሎ ሜትር ሲሮጥ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ በግምት 1 ኪሎ ካሎሪ ያቃጥላል። 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው ማራቶኑን ሲጨርስ 3,400 ኪሎ ካሎሪ ገደማ አወጣ ማለት ነው። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ውስጥ ያለው ደግሞ 7,700 ያህል ነው። እንግዲህ ያ ሁሉ ርቀት፣ ቢሳካ ቢሳካ፣ ግማሽ ኪሎ ስብ አይሞላም። ከሩጫ መልስ ሚዛን ላይ ወጥቶ ሁለት ሦስት ኪሎ ጎድሎ ያየ ሰው ያየው ላቡን ነው፤ ውሃ ሲጠጣና ሲበላ ይመለሳል። ይህን በመጀመሪያው ሳምንት የምናገረው ተስፋ ለማስቆረጥ ብዬ አይደለም። ክብደት የሚቀንሰው በእሑዱ ረጅም ሩጫ ሳይሆን በቀሪዎቹ ቀናት፣ በትንሽ በትንሹ፣ ከወጥ ላይ በሚቀነስ ዘይትና ከቡና ላይ በሚቀነስ ስኳር መሆኑን አስቀድሞ እንዲያውቅ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን 120 ኪሎ ካሎሪ ያህል አለው። የጾም ወጥ ስንሠራ ስንት ማንኪያ እንደምንጨምር ወጥ ቤት የገባ ሁሉ ያውቀዋል።

ለምን አብረው አይሄዱም? ምክንያቱ ሰውነት የሚያነደው ነገር ሁለት ዓይነት መሆኑ ነው። አንዱ ስብ ነው፤ ቀጭን የምንለው ሰው እንኳ ከአንድ ማራቶን በላይ የሚያስኬድ ስብ ተሸክሞ ይዞራል። ሌላው በጡንቻና በጉበት ውስጥ የሚቀመጠው ግላይኮጅን ነው፤ ከእንጀራ፣ ከዳቦ፣ ከድንች፣ ከማር የምናገኘው። ይኼኛው ጥቂት ነው፤ ሞልቶ ሲገኝ 500 ግራም ገደማ፣ በኃይል ሲቆጠር 2,000 ኪሎ ካሎሪ ያህል ቢሆን ነው። ስብ ግንድ ነው፣ ግላይኮጅን ጭራሮ፤ ግንዱ የቱንም ያህል ቢከመር ጭራሮ ካለቀ እሳቱ ይደበዝዛል። ከ30ኛው ኪሎ ሜትር ወዲያ እግር ከዳኝ የሚለው ሯጭ ብዙውን ጊዜ ጭራሮው ያለቀበት ነው። ክብደት ለመቀነስ ብሎ ሳምንቱን ሙሉ እህል የቀነሰ ሰው ደግሞ ገና ከመነሻው ጭራሮው ግማሽ ነው።

ይህ በአካል ሲታይ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። አንድ እሑድ ሱሉልታ ላይ ረጅም ሩጫ ይዘን ወጥተናል። ሱሉልታ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር አካባቢ ነው፤ አዲስ አበባ ቀላል የሚመስለው ፔስ እዚያ ይከብዳል። ከቡድኑ መካከል አንዲት የባንክ ሠራተኛ አለች፤ ጎበዝ፣ ቀጠሮ የማታዛንፍ፣ የሰጠኋትን ሁሉ የምትሠራ። እኔ ከኋላ ነኝ። ኮሮኮንች ላይ የሯጭን ድካም ከዓይን ይልቅ ጆሮ ቀድሞ ይነግራል፤ እግር ሲነሳና ሲያርፍ የሚሰማው ድምፅ አጭርና እኩል ከሆነ ደህና ነው። የእሷ ድምፅ እየረዘመ፣ ጠጠር እየጎተተ መጣ። ጠጋ ብዬ «እንዴት ነሽ?» አልኳት። ዝም። እንደገና ጠየቅኋት። «ኮች ተወኝ በቃ» አለችኝ፣ ከእሷ አፍ ወጥቶ በማያውቅ ቁጣ። ፀሐይ ወጥታ ክንዷ ላይ ግን ፀጉሯ ቆሟል፤ ጆሮ ግንዷ ላይ ላቧ ደርቆ ጨው ሠርቷል። የሰጠኋትን ኮዳ ለመክፈት ጣቶቿ እምቢ አሏት። በማር የተበጠበጠ በሶ ነበር የያዝኩት፤ ከፍቼ ሰጠኋት፣ ቆማ ጠጣች፣ ሁለት ተምር ጨመርኩላት፣ ከዚያ በእግር ሄድን። ሩብ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ስለ ልጇ ፈተና ማውራት ጀመረች። ጠዋት ምን በልተሽ መጣሽ ብላት ሻይ ያለ ስኳር አለችኝ። ማታስ? ሰላጣ።

ያ ቁጣ የእሷ ጠባይ አልነበረም፤ የአንጎሏ ስኳር መጉደል ነበር። አንጎል በዋናነት የሚሠራው በደም ውስጥ ባለው ስኳር ነው፤ ጉበት የሚሰጠው ሲያልቅበት መጀመሪያ የሚጠፋው ፍርድ ነው። ስለዚህ በረጅም ሩጫ ላይ ራሳቸው እስኪጠይቁኝ አልጠብቅም። ከአንድ ሰዓት በላይ የሚሮጥ ሁሉ በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት እየወሰደ ይሮጣል፤ ማር፣ ተምር፣ ሙዝ፣ በሶ ወይም ከውጭ የሚመጣው ጄል ሊሆን ይችላል። ውፍረት ልቀንስ ብዬ መጥቼ እየሮጥኩ ማር ልጠጣ? የሚል አለ። አዎ፣ ትጠጣለህ። በሩጫው ላይ ያልበላ ሰው ቤቱ ሲገባ የሚበላውን አያውቀውም፤ እሑድ ከሰዓት ማቀዝቀዣ ከፍቶ ቆሞ ይበላል፣ ሰኞ ልምምድ ይቀራል፣ ማክሰኞ ጉልበቱን ያመዋል።

እንግዲህ ወቅቱን እንዴት እንደምከፍለው። አብረውኝ ከሚሠሩት ብዙዎቹ የመጀመሪያ ማራቶናቸውን የሚመርጡት በጥር፣ ዱባይ ነው። ለጥ ያለ ጎዳና ነው፤ ኃይሌ ገብረሥላሴ በጥር 2000 ዓ.ም. 2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ የገባው እዚያ ነበር። ከእኛ ከፍታ ወርዶ ባሕር ጠርዝ ላይ ለሚሮጥ ሰው ደግሞ ትንፋሹ ይከፈትለታል። ውድድሩ ጥር ላይ ከሆነ ዋናው የማራቶን ዝግጅት ጥቅምት አጋማሽ ላይ ይጀምራል። ክብደት የሚቀነሰው ከዚያ በፊት ነው፤ ከግንቦት እስከ መስከረም፣ ክረምቱን ሙሉ። በእነዚያ ወራት ሩጫው አጭርና ቀላል ነው፤ ሙሉ ዓረፍተ ነገር እየተናገሩ የሚሮጡት። ብዙው እንዲያውም እርምጃ ነው። የሯጭ እግር መሬት ሲነካ የክብደቱን ሁለት ሦስት እጥፍ ይሸከማል፤ በማራቶን ከ40 ሺህ ጊዜ በላይ። 95 ኪሎ የሆነን ሰው በመጀመሪያው ወር አስፋልት ላይ ማስሮጥ ቅልጥሙን ማሳመም ነው። ጃን ሜዳ ሣሩ ላይ፣ እንጦጦ ባሕር ዛፉ ሥር ባለው አፈር ላይ፣ ሦስት ደቂቃ ሮጦ ሁለት ደቂቃ እየተራመደ ይጀምራል። ጅማትና አጥንት ከሳንባ ይልቅ ቀስ ብለው ነው የሚጠነክሩት፤ ትንፋሹ የተሻለለት ሰው ቸኩሎ የሚጎዳውም ለዚህ ነው።

ከምግቡ የማስቀንሰው በቀን 500 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ብቻ ነው። በሳምንት ግማሽ ኪሎ ቢወርድ ደስ ይለኛል። በወር ስምንት ኪሎ አወርዳለሁ ብሎ የሚነሳ ሰው ያሳዝነኛል፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና። ፈጥኖ ከወረደው ላይ ብዙው ውሃና ጡንቻ ነው። እያንዳንዱ ግራም ግላይኮጅን ሦስት ግራም ያህል ውሃ ይዞ ይቀመጣል፤ እህል ያቆመ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ሚዛኑ ደስ የሚያሰኘው ያ ውሃ ስለወጣ ነው። ጡንቻ እንዳይሄድ ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላ፣ እንቁላል፣ ሥጋ ከየማዕዱ አይጥፋ እላለሁ። ሽሮው ወፍራም ይሁን፣ ዘይቱ ይቀነስ፤ እንጀራው ግማሽ ይሁን፣ ጎመኑ ይጨመር። ይኼን ያህል ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም።

በየመንገዱ የማየው ላስቲክ ለብሶ፣ ካፖርት ደርቦ መሮጥ ግን ያስቆጣኛል። መስቀል አደባባይ ደረጃ ላይ ጠዋት ብትሄዱ ታያላችሁ፤ ሰውዬው በሁለት ቱታ ላይ የዝናብ ልብስ ለብሶ ላቡ እንደ ጎርፍ ይወርዳል። የሚወጣው ውሃና ጨው ነው፤ ስብ በላብ አይወጣም። ሰውነቱ ሙቀቱን ማስወጣት ሲያቅተው ልቡ ይጨነቃል፤ ደም ግፊት ላለበት ሰው ደግሞ አደጋ ነው። ከእኔ ጋር የሚሮጥ ሰው ይህን እንዲያወልቅ እለምነዋለሁ፤ ካላወለቀ አላስሮጠውም።

ጥቅምት ሲገባ ሕጉ ይለወጣል። የመቀነሱ ሥራ አበቃ፤ ሰውየው ያሰበው ላይ ባይደርስም አበቃ። ከዚህ በኋላ የሚበላው ሥራውን የሚሸከም ምግብ ነው። ኅዳር ላይ ታላቁ ሩጫ አለ፤ ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ የሚካሄደው የ10 ኪሎ ሜትር ውድድር። ለእኛ የዝግጅቱ መለኪያ ነው፤ ብዙዎቹም በሰው ባሕር መካከል ለመጀመሪያ ጊዜ ሰዓት ይዘው የሚሮጡት እዚያ ነው። ከእሱ በኋላ በጣም የምጠነቀቅበት ጊዜ ይመጣል። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባና እስከ ገና ይዘልቃል፤ ረጃጅሞቹ ሩጫዎች፣ 28ና 32 ኪሎ ሜትሮቹ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ይወድቃሉ። ጾሙን ተው የሚል አሰልጣኝ መሆን አልፈልግም፤ አስፈላጊም አይደለም። የአገራችን ታላላቅ ሯጮች ከጾም ጋር ኖረዋል። የሚያስፈልገው ልምምዱን ከጾሙ ጋር ማስማማት ነው። ጠንካራ ልምምድ፣ ኢንተርቫሉና ፋርትሌኩ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ይሁን። ረቡዕና ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል የማይቀምስ ሰው በእነዚያ ቀናት ያርፋል ወይም ከመብላቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ቀላል 40 ደቂቃ ይሮጣል። እሑድ የሚቆርብ ካለ ረጅም ሩጫው ቅዳሜ ይሆናል፤ የቆረበ ሰው እሑድ ሊሮጥ አይታሰብም። ሙስሊም ሯጮቼም በረመዳን ረጅም ሩጫ አይሮጡም፤ ከማፍጠሪያ በፊት ትንሽ አፍታተው፣ ጠንካራ ልምምድ ካላቸው ከተራዊሕ በኋላ ይሠራሉ።

በጾም ወራት የሚጎድለው እህል አይደለም፤ እህልማ ሞልቷል። የሚጎድለው ብረትና ፕሮቲን ነው። ከባድ ልምምድ ላይ ያለ ሰው፣ በተለይ ሴት ከሆነች፣ ደም ማስመርመር ያስፈልጋል። ፍየልና በግ በሌለበት ወር ምስርና ጤፍ ላይ ሎሚ ወይም ቲማቲም መጨመር ብረቱን ሰውነት በደንብ እንዲወስደው ይረዳል፤ ቡናና ሻይ ደግሞ ከምግቡ ጋር ከተጠጡ ያግዱታል። ቡናውን አንድ ሰዓት ማቆየት ለብዙ ሰው ከ30 ኪሎ ሜትር ሩጫ ይልቅ ይከብደዋል፣ ገብቶኛል፤ ግን ይሠራል።

ሯጭ መሆን ያለበትን የሰውነት ቅርጽ ከቴሌቪዥን የሚያመጡ ወጣቶች ያሳስቡኛል። አበበ ቢቂላ በሮም በባዶ እግሩ ሲሮጥ የታየው ቀጭን ሰውነት ከግድግዳቸው አልወረደም፤ ልክ ነው፣ ውብ ነው። ግን ያ ቅጥነት የብዙ ዓመት ሥራ ውጤት እንጂ የድል ምክንያት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ አንድ ጥናት ከፍተኛ ደረጃ ላይ ያሉ አሥር ኢትዮጵያውያን ረጅም ርቀት ሯጮች የሚበሉትን ለአንድ ሳምንት መዝግቦ ነበር። ከሚበሉት ኃይል 64 በመቶ ያህሉ ከካርቦሃይድሬት ነበር፤ የሚበሉትና የሚያወጡት ኃይልም ተቀራራቢ ነበር። ቀጭኖቹ ሳይሰስቱ ይበላሉ ማለት ነው። ከእነሱ መውሰድ ያለብን ማዕዱን ነው።

የወር አበባዋ የቆመባትን ሯጭ ልምምድ አስቆማለሁ፤ ይህን ሴቶቹ ሳያፍሩ እንዲነግሩኝ ከመጀመሪያው ቀን እናገራለሁ። ኃይል የጎደለው ሰውነት መጀመሪያ የሚዘጋው የሚያስቸኩለውን አይደለም፤ የወር አበባን፣ የአጥንትን ጥገና፣ በሽታ መከላከልን ነው። ከዚያ አጥንት በሩጫ ይሰነጠቃል። የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መግለጫ ይህ ችግር ወንዶችንም እንደሚነካ አስታውቋል። ወንድ ሯጭ ሁልጊዜ ብርድ ብርድ ካለው፣ እንቅልፍ ካጣ፣ በትንሽ ነገር ከተቆጣ፣ ልምምዱ እያለ ሰዓቱ እየዘገየ ከሄደ፣ መጀመሪያ የምጠይቀው ምን እየበላ እንደሆነ ነው።

ከውድድሩ በፊት ያሉት የመጨረሻ ሦስት ቀናት የተለየ ውጊያ ናቸው። ልምምዱ ቀንሷል፤ እኔ ደግሞ እህል ብሉ እላለሁ፤ ለኪሎ ከ8 እስከ 10 ግራም ካርቦሃይድሬት። ሩዝ፣ ፓስታ፣ ዳቦ፣ ፍርፍር በትንሽ ቅመም። ጭራሮው ሲሞላ ውሃውም ይከተላል፤ ሚዛኑ አንድ ኪሎ፣ አንዳንዴ ሁለት ይጨምራል። ወራት ሙሉ ግማሽ ግማሽ ኪሎ ለማውረድ የለፋ ሰው ይህን ሲያይ ይደነግጣል። አንዱ ከሆቴሉ ስልክ ደውሎ «ኮች፣ ልፋቴ ሁሉ ገደል ገባ» ብሎኛል። ያ ክብደት ስብ አይደለም፤ የሚሮጥበት ስንቅ ነው። በዚያ ሳምንት ሚዛን ላይ አትውጡ ብዬ የምለምነውም ለዚህ ነው።

ሚዛን የሚጠቅምበት ሌላ ቦታ አለ። ከውድድሩ አንድ ወር ቀደም ብሎ ባለው ረጅም ሩጫ ላይ ሯጩ ከመነሳቱ በፊትና ሲጨርስ፣ ላቡን ጠርጎ፣ ይመዘናል። ልዩነቱ በሰዓት ስንት ሊትር እንደሚያልበው ይነግረኛል፤ የመጠጫው ዕቅድ ከዚያ ይወጣል። ዱባይ ላይ ጠዋቱ እንኳ እንደ እኛ አገር ቀዝቃዛ አይደለም። አብዝቶ መጠጣትም ይገድላል፤ ይህን የሚያምን ሰው ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የቦስተን ማራቶን ከጨረሱ 488 ሯጮች ደም ተወስዶ ሲመረመር 13 በመቶ ያህሉ ሶዲየማቸው ከመጠን በታች ወርዶ ተገኝቷል፤ ከዚህ ጋር በዋናነት ተያይዞ የተገኘው በሩጫው ላይ ክብደት መጨመር፣ ማለትም ካላቡት በላይ መጠጣት፣ ነበር። ቀስ ብለው የሚሮጡ፣ በየጣቢያው ቆመው የሚጠጡ ናቸው ለዚህ የሚጋለጡት፤ ማለትም በአብዛኛው የእኔ ሰዎች። ሲጠማህ ጠጣ፣ ሲነፋህ አቁም እላቸዋለሁ።

ሜዳሊያ አንገት ላይ ከገባ በኋላ ብዙ አሰልጣኝ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ለክብደት የመጣ ሰው ግን በጣም የሚያስፈልገው ያኔ ነው። ሩጫው ይቆማል፣ የምግብ ፍላጎቱ ግን ሳምንታት ሙሉ እንደ ነበረ ይቀጥላል፤ በዚያ ላይ ዘመድ ሁሉ ይጋብዛል። ማራቶን የጨረሰ ሰው በሁለት ወር ውስጥ ያወረደውን መልሶ ሲጭን ያየሁት ከዚህ የተነሳ ነው። የመጀመሪያዎቹን አሥር ቀናት ጡንቻው ስላበጠ ሚዛኑ ውሸት ይናገራል፤ አይነካም። ሁለት ሳምንት መራመድ ብቻ፣ እንቅልፍ፣ ጥሩ ምግብ። በሦስተኛው ሳምንት ሚዛኑ ከተሸሸገበት ይወጣል፣ ቁርሱ ወደ ቀድሞው መጠን ይመለሳል፣ ጠዋት 30 ደቂቃ ሣር ላይ እንሮጣለን። ዐቢይ ጾም እየደረሰ ስለሆነ በዚያው ቀን ወጥ ቤት ያለውን የዘይት ማንኪያ ነገር ቁጭ ብለን እንነጋገራለን።